ጀሪካን የሚመረጠው በአፉ ነው፦ ለሞተር መጋዝ የማያፈስ የቤንዚን ዕቃ

ባለፈው ጥር ከሰቃ ጮቆርሳ የተመለስንበትን ቀን እናቴ እስካሁን አልረሳችውም። በሞተር መጋዝ የግራቪሊያ ዛፍ ስንጥል ውለን ነበር። ባለ መሬቱ አባት ከሒሳባችን ሌላ አምስት ኪሎ የሚሆን ቡና በማዳበሪያ ቋጥረው “ይቺን ለእናትህ” ብለው ሰጡኝ። ፒካፑ ኋላ ላይ፣ ከቤንዚን ጀሪካኑ ጎን ወሸቅኩት። ጅማ ስንገባ ጀሪካኑ በጎኑ ተጋድሟል። ማዳበሪያው ከታች በኩል መዳፍ የምታክል ቦታ ረጥቧል። ይደርቃል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ እሁድ ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ አቦሉ ተቀዳ። እናቴ አንዴ ፉት አለችና ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው።

“ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ ማደያ?”

ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል። ጅማ ላደገ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። እኔ ግን እያወቅኩ ረሳሁት። አምስቱም ኪሎ ተደፋ። የፈሰሰው ቤንዚን ቢለካ አንድ ሲኒ አይሞላም ነበር።

ጀሪካኑን አገላብጬ አየሁት። አልተቀደደም፣ አልተሰነጠቀም። ባለ 5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ነው፤ ሁላችንም የምንይዘው ዓይነት። ክዳኑ ስር ፌስታል አጥፈን አድርገን በደንብ አጥብቀነው ነበር። ቤንዚኑ የወጣው በዚያው በፌስታሉ ጠርዝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካን ስገዛ መጀመሪያ የማየው አፉን ነው። ሆዱ ብዙም አይለያይም። የሚለየው ክዳኑና መቅጃው ነው፤ የዋጋ ልዩነቱም ያለው እዚያ ነው።

ለምን ያፈሳል?

ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ 1 በመቶ ገደማ ያድጋል። 20 ሊትር ከያዛችሁ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይሄ ፈሳሹ ብቻ ነው። ትነቱ ደግሞ ከላይ ሆኖ ክዳኑን ይገፋል። የጅማን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ጃኬት ያስለብሳል። ስድስት ሰዓት ላይ ግን ፀሐይ የዋለበት ጀሪካን እጅ ያቃጥላል። ጠዋት እስከ አንገቱ የተሞላ ጀሪካን ቀትር ላይ መተንፈሻ ይፈልጋል። የሚያገኘውም በክዳኑ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ባለ 5 ሊትሩ ላይ 4 ሊትር ተኩል፣ ቢበዛ 4 ሊትር ከ700 ቅዱ። ሌላው ቦታ የአየሩ ነው።

ሌላው ምክንያት መንገዱ ነው። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ኮረኮንቹን ስትይዙ፣ በጥርስ የሚጠብቅ ክዳን ሁሉ በንዝረት ቀስ በቀስ ይላላል። እኔ መንገዱ እንደተበላሸ አንድ ጊዜ ቆሜ ክዳን እነካለሁ። ብዙ ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ አገኘዋለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው።

ሃይላንድ

ይሄን ቶሎ እንጨርሰው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቤንዚን ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ዛሬም ሞልቷል። ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ ክዳኑ የተሠራው ለውሃ ነው፣ ጭራሮ ከወጋው አለቀ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን መፍሰሱ አይደለም። ከቱ ስትሮክ ዘይት፣ ማለትም ለመጋዙ ሞተር ቤንዚኑ ውስጥ ከሚጨመረው ዘይት ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ቀለም አለው። እንደ ዘይቱ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ሃይላንድ ውስጥ ሆኖ ሲታይ ጁስ ነው። ልጅ ባለበት ቤት ጁስ የሚመስል ቤንዚን አይቀመጥም። በነፃ ቢገኝም እኔ ከአማራጭ አልቆጥረውም።

የምግብ ዘይት ጀሪካን

እዚህ ላይ ክርክር አለ። “ፕላስቲኩ አንድ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?” ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። ጀሪካኑን ገልብጣችሁ ከታች ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር አለ። ለነዳጅ የሚሠሩት ፕላስቲክ ጀሪካኖችም ከዚያው ዘር ናቸው። ቤንዚን አያቀልጠውም። ችግሩ ግድግዳው ስስ መሆኑ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይደርቅና መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ዋናው ችግር ግን ክዳኑ ነው። አብዛኛው ውስጡ የላስቲክ ቀለበት የለውም። ዘይት ወፍራም ነው፣ አይተንም፣ ክዳን አይገፋም። ፋብሪካው ያን አስቦ ነው የሠራው።

እኛ ደግሞ መላ አናጣም። የመጀመሪያው መላ ፌስታል ነው። ፌስታል ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፤ ክዳኑ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ይበጣጠሳል። ብጣሹ ወደ መጋዙ ታንክ ይገባና ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል። መጋዙ ሥራ ላይ እያለ ጉልበት ሲያጣ ካርቡራቶር ይፈታል፣ ካንዴላ ይቀየራል። ጥፋተኛው ጥፍር የምታክል ፌስታል ናት። እኔ ራሴ አንዷን በወረንጦ አውጥቻለሁ።

ሁለተኛው መላ ከጎማ ካላማዳሪ ክብ ቆርጦ ክዳኑ ውስጥ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ቀን ግሩም ነው፣ ጠብ አይልም። የካላማዳሪ ጎማ ግን ከቤንዚን ጋር አይስማማም። ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ከቦታው ይወጣል። ለነዳጅ የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ላስቲክ ነው። የመለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ ቤንዚን የሚችል ጓርኒሲዮን (የክዳን ማሸጊያ ቀለበት) ብትሉ ይገባቸዋል። መጠኑ እንዲገጥም ክዳኑን ይዛችሁ ሂዱ።

መቅጃም የለውም። የመጋዝ ታንክ ግማሽ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው የሚይዘው። ወደዚያች ጠባብ አፍ ከ5 ሊትር ጀሪካን ስትገለብጡ አየር እየጎረሰ ጉልክ ጉልክ ይላል፣ ይተፋል። አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ተደርጎ በሁለት ሰው ይቀዳል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይገለብጣል፣ ሁለቱም ይረጥባሉ። ቤንዚኑ የሚወርደው ደግሞ ገና ያልበረደ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ነው።

ጀሪካኑን ግን አትጣሉት። ለሰንሰለት ዘይት ከእሱ የተሻለ የለም። ወፍራም ዘይት ነው፣ አይተንም፣ ክዳኑም ይበቃዋል።

ለነዳጅ የተሠራ ፕላስቲክ

ብዙ ሰው ቀይ ከሆነ የነዳጅ ነው ይላል። ቀለም አያፈስም፣ አፍሳሹ ክዳን ነው። መርካቶ ጅማ ውስጥ ቀይ ሆኖ ክዳኑ ባዶ የሆነ ጀሪካን ገዝቼ አውቃለሁ። ሱቁ ውስጥ እንዲህ እዩት።

ክዳኑን ክፈቱና ውስጡን በጣት ዳብሱ። ለስላሳ፣ ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ያለው የላስቲክ ቀለበት ከሌለ አስቀምጡት። የአንገቱን ጥርስ እዩ፤ ሻካራ ወይም የተዘለለ መሆን የለበትም። ክዳኑ ሁለት ዙር ያህል መሄድ አለበት፤ በግማሽ ዙር የሚነክሰው መንገድ ላይ ይፈታል። ከዚያ አካሉ ላይ በፕላስቲኩ የታተመውን ጽሑፍ ፈልጉ። 3ኤች1 የሚል ካለ፣ ለአደገኛ ፈሳሽ ማጓጓዣ የተፈተነ ፕላስቲክ ጀሪካን ነው። አጠገቡ የሚመጣው ፊደል ዋይ ወይም ኤክስ ከሆነ ለቤንዚን ይበቃል፤ ዜድ ከሆነ አይበቃም። ሰዓት የሚመስል ትንሽ ክብም ይኖራል። ወሩንና ዓመቱን ይናገራል። በዓለም አቀፉ ደንብ ፕላስቲክ ጀሪካን አደገኛ ፈሳሽ የሚጓጓዝበት ዕድሜው ከተሠራ 5 ዓመት ነው። ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት የተቀመጠ “አዲስ” ጀሪካን እንዳይሸጥላችሁ ሰዓቱን አንብቡ።

ባለ 5 ሊትሩ ለመጋዝ ልክ ነው። አሥር ሊትሩ ለእጅ ይከብዳል፣ ሲቀዳም ክንድ ያንቀጠቅጣል።

የብረት ጀሪካን

ጀሪካን የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመኖች ለጦራቸው ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ሠሩ። እንግሊዞች ጀርመኖቹን “ጄሪ” ይሏቸው ስለነበር ዕቃውም የጄሪ ጣሳ ሆኖ ቀረ። እኛ ዛሬ የፕላስቲኩን ቢጫ የውሃ መቅጃ ጭምር በዚያ ስም እንጠራለን። የሠሩት ሰዎች ግን አዋቂዎች ነበሩ። ክዳኑ በጥርስ አይዞርም። በማንሻ ተጭኖ ጓርኒሲዮኑን ይነክሳል። ንዝረት አይፈታውም። ከእጀታው ጀርባ ያለው እብጠት ደግሞ የአየር ቦታ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ እስከ አፉ ሲሞላ እንኳን እዚያ አየር ይቀራል። እኛ 4 ሊትር ተኩል ቅዱ እያልን የምንመክረውን እነሱ ቅርጹ ውስጥ አስገቡት።

ለማከማቸትና ፒካፕ ላይ ለመጫን የሚደርስበት የለም። ጫካ ውስጥ ለመቅዳት ግን አይመችም። 20 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 15 ኪሎ ገደማ ነው። ብረቱ ሲጨመር፣ ያን ተሸክሞ ግማሽ ሊትር መቅዳት ቀልድ ነው። የጅማ እርጥበትም አለ። ግማሽ ተሞልቶ ክረምቱን የከረመ የብረት ጀሪካን ውስጡ ያልባል፣ ይዝጋል። ዝገቱ ወደ ፊልትሮ ይሄዳል። ስትገዙ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ውስጡን እዩ። ጓርኒሲዮኑ ከጠነከረ ይቀየራል፤ ርካሽ ነገር ነው።

ባለ ሁለት ሆድ

ለመጋዝ ሠራተኛ ተብሎ የተሠራው ይሄ ነው። አንድ እጀታ፣ ሁለት ሆድ። በትልቁ የተቀላቀለ ቤንዚን፣ በትንሹ የሰንሰለት ዘይት። ስቲል (STIHL) የሚባለው የመጋዝ ኩባንያ የሚሠራው 5 ሊትርና 3 ሊትር ነው፤ የሌላው ኩባንያ የሁስክቫርና ደግሞ 6 ሊትርና 2 ሊትር ተኩል። ቤንዚኑ የሚበልጠው መጋዙ ራሱ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ሁለቱን ታንክ አንዴ ከሞላችሁ ቤንዚኑ ቀድሞ ያልቃል፣ ሰንሰለቱ ያለ ዘይት አይሮጥም።

ዋጋው ያስደነግጣል። እውነቱን ለመናገር የምትከፍሉት ለሁለቱ ሆድ ሳይሆን ለአፍንጫው ነው። ስለ አፍንጫው ትንሽ ልቆይ።

ራሱን የሚዘጋ አፍንጫ

አፍንጫው ውስጥ ሞላ አለ። ሞላው ቫልቩን ዘግቶ ይዞታል፤ ጀሪካኑን ብትገለብጡት እንኳን ጠብ አይልም። ጫፉን ታንኩ አፍ ላይ አስደግፋችሁ ስትጫኑት ቫልቩ ይከፈታል፣ ቤንዚኑ ይወርዳል። ጎን ለጎን አንዲት ቀጭን የአየር መንገድ አለች። ቤንዚን በወጣ ቁጥር በእሷ በኩል አየር ወደ ጀሪካኑ ይገባል። ጉልክ ጉልክ የማይለው ለዚህ ነው። ታንኩ ሞልቶ ቤንዚኑ የአየሯን ቀዳዳ ሲሸፍናት ጀሪካኑ አየር ያጣል። አየር ካላገኘ አይለቅም። ፍሰቱ በራሱ ይቆማል። ቀና ስታደርጉት ሞላው ይዘጋል፣ ትቀራለች ብትባል ጠብታ ነች።

መጀመሪያ ቀን ስጠቀምበት ሞልቶ መቆሙን አላመንኩም። ደጋግሜ ተጫንኩ። ምንም አልፈሰሰም።

እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። የእንጨት ብናኝ ቫልቩ ስር ከገባ አይገጥምም፣ ያንጠባጥባል። ቆብ ካለው ሁልጊዜ ቆቡን መልሱ። ከሌለው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። አንዳንድ የድሮ መጋዝ የታንኩ አፍ ጠባብ ስለሆነ ጫፉ አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት መጋዙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማፈር የለም። ሦስተኛው የሚያናድደው ነው፦ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን በግፊት ይሞላል። በዚያ ሁኔታ አፍንጫውን ታንክ ውስጥ ብትጫኑት ቤንዚኑ ይተኮሳል። መጀመሪያ ጀሪካኑን አቁማችሁ ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ አላሉት። ፍስስ ብሎ ይውጣለት። ከዚያ አጥብቁትና ቅዱ።

አፍንጫው ለብቻውም ይሸጣል። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚተርፈው። ጥሩ ባለ 5 ሊትር የነዳጅ ፕላስቲክ ላይ ይገጠማል። ጥርሱ ግን ከጀሪካን ጀሪካን ይለያያል። ግማሽ ዙር ሄዶ የሚነክስ ከሆነ በጉልበት አታስገቡት።

የትኛው ለማን?

በየቀኑ የምትቆርጡ ከሆነ ባለ ሁለት ሆዱን ግዙ። አቅም ካልፈቀደ የነዳጅ ፕላስቲክና ለብቻው የተገዛ አፍንጫ ያዙ። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን የግቢ ባሕር ዛፍ ለሚከረክም ሰው አፍንጫ ባይኖርም ክዳኑ ባለ ላስቲክ የሆነ 5 ሊትር ይበቃል። ለቡድን ለምትሠሩ ደግሞ የብረቱ እናት ይሁን፣ ፕላስቲኩ ልጅ። እናቲቱ ጥላ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ልጅየው ይመላለሳል። እኔም አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ከእናቲቱ ወደ ልጅየው ሲቀዳ ግን በአፍ ስቦ በጎማ ማውረድ የሚባል ልማድ አለ። ተዉት። ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሆድ ከገባው ይብሳል። ለዚያም ነው ቤንዚን የጠጣን ሰው አስታውኩት የማይባለው፤ ሲመለስ ሳንባ እንዳይገባ። ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ገዝታችሁ ስትገቡ

እንደ ጎሚስታ ፈትሹት። ባዶውን ጀሪካን ዝጉ፣ ክዳኑ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀቡ፣ ሆዱን በሁለት ጉልበታችሁ መሀል ጨምቁ። አረፋው ከተነፋ አየር ያስወጣል፤ አየር ካስወጣ ቤንዚንም ያስወጣል። ብረቱ አይጨመቅም፤ እሱን ውሃ ጨምሩበትና ደረቅ ካርቶን ላይ በጎኑ አስተኝታችሁ አሳድሩት። ውሃ አላፈሰሰም ብላችሁ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ቤንዚን ውሃ በማያልፍበት ቀዳዳ ያልፋል። በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ ትንሽ ቤንዚን አድርጋችሁ ውጭ፣ ካርቶን ላይ ድገሙት።

ማደያ ላይ ብዙ ጊዜ በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ይጠየቃል፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ሲቀዳላችሁ ጀሪካኑን ከፒካፑ አውርዱና መሬት ላይ አስቀምጡት። የፕላስቲክ ንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ ከተቀዳ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ብልጭ ካለ አለቀ። የማደያው አፍንጫ የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ይቆይ።

ቅልቅሉ 50 ለ 1 ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ ለ4 ሊትር ተኩሉ 90። 25 ለ 1 ከሆነ የዚህ እጥፍ ነው። የትኛው እንደሆነ የዘይቱ ዕቃና የመጋዙ መመሪያ ላይ ተጽፏል። በግምት ወይም በጠርሙስ ክዳን አትለኩ። ፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አለ፤ አምስቴ ስትስቡ 100 ነው። ለዘይቱ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ቤንዚን ሲነካው ላስቲኩ ያብጣል። ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ነቅነቅ፣ ከዚያ ቀሪውን። ለአንድ ወር ከሚበቃችሁ በላይ አትቀላቅሉ። ጀሪካኑ ላይ በማርከር “ቅልቅል” ብላችሁ ጻፉ። ዘይት የሌለው ቤንዚን መጋዝ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ነክሶ ይቀራል፤ የእሱ ጥገና ከአምስት ጀሪካን ይበልጣል።

ጫካ ውስጥ ሞተሩን አጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይብረድ፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ብናኝ ጥረጉ፣ የመጋዙን ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከሞላ በኋላ ከቀዳችሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁና አስነሱ። ዝናብ ሲዘንብ ጀሪካኑ በጎማ ወይም በኬሻ ይሸፈን። አንዳንዱ ክዳን ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ውሃ ያቁራል፤ ስትከፍቱት ወደ ውስጥ ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስር ነው የሚቀመጠው፣ መጋዙም መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው።

ቤት ውስጥ አታሳድሩት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። የቡናው ከሰልም፣ የዕጣኑ ማጨሻም ያለው እዚያው መሬት ላይ ነው። እኔ ከቤት ራቅ ያለች፣ አየር የሚገባባት የቆርቆሮ ጥላ ሠርቼለታለሁ።

ቡና ከተሰጠኝ ደግሞ አሁን ጋቢና ነው የማስቀምጠው። ጀሪካኑ ኋላ ቆሞ፣ በላስቲክ ታስሮ ይመጣል። እናቴ ግን ማዳበሪያውን ሳታሸት አሁንም አትቀበለኝም።